ደሴ ተቀምጬ ስለ ደሴቶች ስማር፦ የሦስት ወር ማስታወሻ

ሰላም ጓደኞች። እንደተባባልነው የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። አዲስ ለገባችሁ፣ የማጠናው የዓለም ሙቀት መጨመር ረጃጅም ተራሮችንና ትናንሽ የደሴት አገሮችን ምን እያደረጋቸው እንደሆነ ነው። ሦስት ወር ሞላኝ።

የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከዚህ እንዳያልፍ የሚባልለት «1.5 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር ለረጅም ጊዜ ምንም ስሜት አይሰጠኝም ነበር። እዚህ ደሴ በንጋትና በቀትር መካከል ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚለያይበት ቀን ሞልቷል። ታዲያ 1.5 ምን አላት? የገባኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ በሚኒባስ ስወርድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንግዲህ 4 ዲግሪ ገደማ አለ ማለት ነው። ከደሴ ጃኬት ለብሰን ወጥተን ኮምቦልቻ ስንደርስ የምናወልቀው በዚች 4 ዲግሪ ነው! በዚህ ስሌት 1.5 ዲግሪ ማለት 230 ሜትር ቁልቁል መውረድ ነው። ደሴ ካለችበት ሳትነቃነቅ፣ አየሯ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲሶውን ወረደ እንደ ማለት። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ቁጥሯን አቅልዬ ማየት አልቻልኩም።

ስሌቱን በተግባር ለማየት ኮምቦልቻ ካለችው የአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ቴርሞሜትር ገዛን። ጠዋት 1 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት እየለካን እንላላካለን። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ሁሉ ተጣለ። የእኔን የሰቀልኩት ቆርቆሮው ስር ስለነበር ደሴን ከኮምቦልቻ አስበልጦ ያሞቃት ነበር። አሁን ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ነው። ከሰዓት ልዩነታችን 4 አካባቢ ይመላለሳል። ጠዋት ግን አንዳንዴ 2 ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከተራራው እየተንሸራተተ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ይህን ስነግራት «ታዲያ የጠዋት ብርዳችን ከእናንተ ነው የሚመጣው በለኛ» አለችኝ። በከፊል እውነቷን ነው።

ወደ ተራሮቹ ስመጣ፣ የከበደኝ ነገር የቦታ ማለቅ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቆላማው ነገር ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋው ወደ ደጋ ይወጣል። ገበሬውም እህሉን ይዞ ሽቅብ ያርሳል። ከላይ ያለው ጅባራና ቀይ ቀበሮስ ወዴት ይሂድ? በእኛው ወሎ አምባ ፈሪት አካባቢ ቀይ ቀበሮ አለ። ከጫፉ በላይ ግን ሌላ ተራራ የለም። በረዶውም እንዲሁ ነው። አፍሪካ ውስጥ ግግር በረዶ የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው። ኪሊማንጃሮ ከእ.ኤ.አ. 1912 ወዲህ ከበረዶው ከ80 በመቶ በላይ አጥቷል።

አሁን ወደ ባሕሩ። በዚህ ወር በጣም የረዳኝ በሁለት ብርጭቆ የሠራሁት ሙከራ ነው። በአንዱ ውሃ አድርጌ በረዶ አንሳፈፍኩበት። በሌላው ከውሃው ከፍ የሚል ድንጋይ ከትቼ በረዶውን ከድንጋዩ አናት ላይ አስቀመጥኩ። የሁለቱንም የውሃ ልክ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። በረዶው ሲያልቅ የተንሳፈፈበት ብርጭቆ ውሃ ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። የድንጋዩ ግን አልፎት ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባሕርን የሚሞላው ማንኛውም የቀለጠ በረዶ ይመስለኝ ነበር። የሚሞላው የየብስ በረዶ ነው፣ የተራሮቹ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ። ሌላው ምክንያት ውሃው ራሱ ሲሞቅ መስፋቱ ነው። ከተጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን የዋጠው ውቅያኖስ ነው።

ባሕር ጠለል ከእ.ኤ.አ. 1900 ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ እያየ ላደገ ሰው 20 ሴንቲ ሜትር ምንም ነው። ማልዲቭስ ግን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬቷ ከባሕር ጠለል ከፍታው አንድ ሜትር አይሞላም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው የደሴት አገር የቱቫሉ እርሻ ነው። ሰዎቹ «ፑላካ» የሚሉትን፣ ከእኛ ጎደሬ ጋር የሚዛመድ ሥራሥር፣ ጉድጓድ ቆፍረው ከመሬት ስር ካለው ጨው አልባ ውሃ ድረስ አውርደው ይተክላሉ። ባሕሩ ገና ደሴቱን ሳይሸፍን ጨው ከስር ሰርጎ ጉድጓዱን ያበላሸዋል። አገር መሬቱ እያለ እህል ማብቀል ያቅተዋል። ቱቫሉ 11,000 ያህል ሕዝብ ነው ያላት። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውስትራሊያ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት በየዓመቱ እስከ 280 ሰው እዚያ ሄዶ መኖር ይችላል። እነዚህ ሰዎች ከሰል አንድደው ዓለምን ያሞቁ አይደሉም። ሳስበው ያንገበግበኛል።

ግን ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓስፊክ ውስጥ 27 የሕግ ተማሪዎች ጉዳዩ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይድረስ ብለው ተነሱ። እዚያው ያለችው የደሴት አገር የቫኑዋቱ መንግሥት ጉዳዩን ያዘላቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤቱ አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። ከክፍል የተነሳ ሐሳብ ስድስት ዓመት ተጉዞ እዚያ ደረሰ።

በሚቀጥለው ወር ሦስተኛ ቴርሞሜትር ጦሳ ላይ ለመስቀል አስቤያለሁ። ወረኢሉ ወይም ኩታበር ያላችሁ ደግሞ ከእኛ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት ብትለኩ ደስ ይለኛል። ብቻ ከቆርቆሮ አርቁት።