ውኃ እስከ ነፍሷ ደርሶ ነበር

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ አሜን። እግዚአብሔር ለእናቴ ያደረገላትን ልመሰክር ደጋግሜ ተነሥቼ፣ እንባዬ እየቀደመኝ እስከ ዛሬ ዘግይቻለሁ።

እናቴ በልጅነቷ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በተነሣ የሩማቲክ ትኩሳት የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ ለዓመታት በመድኃኒት ኖራለች። በዚያ ሌሊት ኮምቦልቻ ቤታችን ውስጥ ትራስ ደራርበንላት እንኳ ጋደም ማለት አቅቷት ስትታፈን፣ ያበጠው እግሯም በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ሲቀር፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሳንለምነው መኪናውን አስነሥቶ የሐረጎን አቀበት በጨለማ ይዞን ወጣ። ውለታውን እግዚአብሔር ይክፈለው፤ እርሱ ባይደርስልን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞቷ ነበር።

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉላት፤ ትርፍ ውኃን በሽንት የሚያስወጣ ፉሮሴሚድ የተባለ መድኃኒትም በደም ሥሯ ሰጧት። የሽንት ከረጢቱ ግን ሥሩ ብቻ እንደረጠበ ቆየ። መጠኑን እጥፍ አደረጉት፤ አሁንም ያው ነበር። ዓይኔን ከከረጢቱ ሳላነሣ «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ» የሚለውን ዳዊት እደጋግም ነበር፤ በእናቴ ሳንባ ውስጥ በእርግጥ ውኃ ነበረና። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ጸሎቴ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ዕድሜዋን ሙሉ ደጅህን የጠናችውን በገዛ ሰውነቷ ውኃ ልታሰምጣት ነውን?» ብዬ አምላኬን ተናገርኩት፤ አልሸሽገውም።

ሊነጋጋ ሲል ተረኛው ሐኪም አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። ፉሮሴሚድ ኩላሊት ውኃ የሚይዘውን ጨው መልሶ እንዳይመጥጥ በአንድ ስፍራ ቢዘጋበትም፣ ኩላሊቱ ከዚያ ዝቅ ብሎ በሌላ በር ስለሚመልሰው፣ ያን ሁለተኛ በር የሚዘጋ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለ ኪኒን እንደሚጨምርላት ነገረኝ። ፖታሲየም የተባለው የደሟ ማዕድን ሊወርድና ኩላሊቷም ሊጎዳ ስለሚችል ደሟ በየጊዜው መታየት እንዳለበት አልደበቀኝም። አሴታዞላማይድ የተባለ ሌላ አጋዥ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ የቤልጅየም ጥናት በ519 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ በሦስት ቀን ውስጥ እብጠታቸው የጠፋላቸው መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው ከመቶ 42 ያህሉ፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ ከመቶ 30 ያህሉ እንደነበሩ አጫወተኝ። ሊያጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የሰማሁት ያልጠፋላቸውን ብዛት ብቻ ነበር። ለግሸን ማርያም የተሳልኩትም ያን ጊዜ ነው።

ኪኒኑን ዋጠች። ረፋዱ ላይ ሲስተሯ ከረጢቱን ገልብጣ መጠኑን መዘገበች፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ልትገለብጠው ተመለሰች። በሕሙማኑ መካከል ቆሜ እልል አልኩ! ፖታሲየሟ እንደተባለው ወርዶ ተተካላት፤ ውኃው ግን መውጣቱን አላቋረጠም፤ እናቴም በአንድ ትራስ ተኛች። በየማለዳው ደግፋ ሚዛን ላይ ያቆመቻትን ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዋ ያልራቀውንም ሐኪም የላከልን እግዚአብሔር ነው፤ ለተቆጣሁት ለእኔ በምሕረት መለሰልኝ።

ወራት በጨው አልባ ወጥ፣ በሚዛንና በቀጠሮ አለፉ። ቫልቩ ዛሬም እንደተጎዳ ነው። ስእለቴን መስከረም 21 ቀን ግሸን ወጥቼ ያገባሁ ሲሆን፣ እናቴ አቀበቱን እንዳትወጣ ስለተከለከለች የእርሷን ጧፍ ይዤላት ሄጃለሁ። በቅርቡ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ስላለባት በጸሎታችሁ አስቡልን።