ሰው ቆሞ የሚገባበት የዶሮ ቤት

የመጀመሪያውን የዶሮ ቤቴን የሠራሁት ከወገቤ በማይበልጥ ቁመት ነበር። ኩስ ለመጥረግ በጉልበቴ ተንበርክኬ በጠባቧ በር አንገቴን ማስገባት ስለነበረብኝ ጽዳቱን ከሳምንት ወደ ሳምንት ማስተላለፍ ጀመርኩ። እርጥቡ ጉዝጓዝ በግድግዳው ሥር እየተከማቸ ጣውላውን አበሰበሰው፤ በሦስተኛው ዓመትም በዚያው በበሰበሰው በኩል ሽለምጥማጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ስድስት ዶሮዎች ፈጀብኝ። ጠዋት ጣውላውን ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተቆርሶ በእጄ ላይ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶሮ ቤት የሚበረክተው ሰው እንደ ልቡ ገብቶ ሊያጸዳው ሲችል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስሠራ መነሻዬ የራሴ ቁመት ሆነ። ጣሪያው በአንዱ ጎን 2.40 ሜትር፣ ውኃው በሚወርድበት ጎን 2 ሜትር ከፍታ አለው፤ በሩም የእጅ ጋሪ እንዲያስገባ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጠሁት። ለአንዲት ዶሮ በቤቱ ውስጥ ከ0.35 እስከ 0.4 ካሬ ሜትር፣ በውጭው መንሸራሸሪያ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋታል፤ ከዚህ ሲጠብባቸው እርስ በርስ መነቋቆርና ላባ መንጨት ይጀምራሉ። እኔ 20 ዶሮዎች ለማኖር ስላሰብኩ ቤቱን 2.5 በ3 ሜትር አድርጌ አራት ካስማ ተከልኩና ሲባጎ ወጠርኩ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሻገሩት ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ቤቱ ተንጋዷል ማለት ነው፤ በእኔ ልክ ሁለቱም 3.90 ሜትር ገደማ መምጣት ነበረባቸው። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ማጥፋት አይቆጭም፤ የተንጋደደ መሠረት በኋላ በሩንም ጣሪያውንም አልገጥም ያሰኛል።

ምሰሶ አፈር ውስጥ ሲቀበር የሚበሰብሰው በመሬቱ ገጽ ልክ ባለው ቦታ ነው፤ እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ነውና። ስለዚህ ምሰሶዎቹን አልቀበርኳቸውም፤ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያሉ የኮንክሪት እግሮች ሞልቼ፣ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በቀበርኩት ብረት ላይ በብሎን አሰርኳቸው። የጣሪያው ቆርቆሮም በየጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል።

በሽቦው ነገር የምለው ብዙ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያግድም፤ ጥርስና ጥፍር ይበጣጥሰዋል። ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር የሆነው በብየዳ የተያያዘ ጠንካራ ሽቦ ግን አብዛኛውን አውሬ ይመክታል፤ እኔም መስኮቱንም መንሸራሸሪያውንም በእርሱ ሸፈንኩ። ጠርዙን በሚስማር ብቻ መምታት አይበቃም፤ በላዩ ቀጭን ጣውላ አስተኝቼ በብሎን አጣበቅኩት። ከግድግዳው ሥር ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ ወደ ውጭ አንጥፌ በአፈር ሸፈንኩ፤ ቆፋሪ አውሬ መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ እዚያው ሽቦው ያቆመዋል።

ቆጡን በተመለከተ ለእያንዳንዷ ዶሮ 25 ሴንቲ ሜትር አስቤ፣ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር የሆኑ ሁለት እንጨቶችን እኩል ከፍታ ላይ አደረግኩ። አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ሁሉም ላይኛውን ሲሻሙ ያመሻሉ። እንጨቱ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ጠርዙን በሞረድ አለዘብኩት፤ ጫፎቹንም በሚስማር ሳልመታ ማስገቢያ ላይ ብቻ አሳረፍኳቸው። ቀይ ቅንቅን ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ ደም ስለሚመጥ፣ ቆጡ እየተነሣ መታጠብና ጫፉ መፈተሽ አለበት። አምስቱ የእንቁላል መጣያ ሳጥኖች፣ እያንዳንዳቸው በየአቅጣጫው 30 ሴንቲ ሜትር ሆነው፣ ከቆጡ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከፍ ካሉ ዶሮዎቹ እዚያ ያድሩና እንቁላሉ በኩስ ይበላሻል።

ብርድ የፈራ ሰው ቤቱን ድፍን ማድረግ ይቀናዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ከኩሱና ከትንፋሻቸው የሚወጣው እርጥበትና አሞኒያ መውጫ ካጣ ሳንባቸውን ይጎዳል፤ እንጨቱንም ያበሰብሳል። እኔ ከጣሪያው ሥር፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲቀመጡ ከራሳቸው በላይ በሚሆን ከፍታ፣ በሁለቱም ጎን በሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ተውኩ፤ ነፋሱ ሳይነካቸው በላያቸው ያልፋል።

ዶሮዎቹ ከገቡ በኋላ ያስተካከልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጉዝጓዙ እንዳይፈስ በበሩ ግርጌ የመታሁት 30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ጋሪውን ስለከለከለኝ ነቅዬ፣ በግራና በቀኝ ቦይ አበጅቼለት ወደ ላይ ተስቦ የሚወጣ አደረግኩት። አሁን ጣውላውን አነሣለሁ፣ ጋሪውን አስገባለሁ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜም ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጠርጌ እወጣለሁ።