ስቱዲዮአችንን ሳንሸጥ ጌሙን እንዴት እንዳከራየነው

የግዢ ጥያቄው የመጣው በአጭር ኢሜይል ነው። ጌማችሁን አይተነዋል፣ ወደነዋል፣ ስቱዲዮውን ከነሰዎቹ መግዛት እንፈልጋለን ይላል። ላኪው በውጭ አገር የስልክ ጌሞችን የሚያሳትም ኩባንያ ነው፤ የምስጢር ጥበቃ ውል ስለፈረምን ስሙን አልጠራም። እኛ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንሠራ ሦስት ሰዎች ነን። ኮዱን እኔ እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን ጓደኛዬ ይሠራል፣ ሒሳቡንና ፍተሻውን ከኮምቦልቻ የምትመላለስ ባልደረባችን ትይዛለች።

ጌሙ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ነጋዴ ሆኖ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ደሴ ይነሳል፤ በኮምቦልቻ በኩል ቁልቁል ወርዶ 1,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ባቲ ለሰኞ ገበያ ይደርሳል። ከደጋ ምን ይጭናል? ከቆላ ምን ይዞ ይመለሳል? ግመል ይግዛ ወይስ በአህያ ይቀጥል? ደላላውን ይመን ወይስ ራሱ ይከራከር? ጨዋታው ይኸው ነው። ሙዚቃው በባቲና በአምባሰል ቅኝት የተመታ ማሲንቆ ነው።

ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ያደረግነው ወደን አይደለም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ስለዚህ ጌሙ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያሻግረው መተግበሪያ፣ በዜንደር፣ ነው የተዛመተው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ ሲጫወቱት ያየኋቸው የሚኒባስ ረዳቶች አንዳቸውም ከፕሌይ ስቶር አላወረዱትም። ይህን የማነሳው በኋላ ድርድሩ ላይ ትልቅ ነገር ሆኖ ስለመጣ ነው።

የኩባንያው ሐሳብ ሲዘረዘር እንዲህ ነበር። ከዋጋው ትንሹ ክፍል ስንፈርም ይከፈላል፤ ትልቁ ክፍል በሁለት ዓመት ውስጥ የፕሌይ ስቶር ዳውንሎድ የተወሰነ ቁጥር ላይ ከደረሰ ብቻ ነው። እኛ ሦስታችንም ለሁለት ዓመት ተቀጣሪ እንሆናለን። ጌሙ፣ ስሙ፣ ኮዱ፣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ወደፊት ከእሱ የሚወለደው ሥራ ሁሉ የእነሱ ይሆናል። ገንዘቡ ለእኛ ብዙ ነው። ሥዕል ሠሪያችን የዚያኑ ዕለት ማታ «እንፈርም» አለ፤ እኔ ጊዜ ስጡኝ አልኩ።

ያን ጊዜ የተጠቀምኩበት ከእኛ በፊት የተሸጡ ስቱዲዮዎች ምን እንደገጠማቸው በማንበብ ነው። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ ኩባንያዎች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው የሚያውቀው ትልቁን ቁጥር ነው፦ ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በጥር 2022 አስታውቆ፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ጋር ሲሟገት ከርሞ፣ በጥቅምት 2023 ጨረሰ። ከሦስት ወር በኋላ ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኛ እንደሚቀንስ ተናገረ። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ የትንንሾቹ ታሪክ ነበር የሚጠቅመኝ።

አንዱ የጃፓኑ ታንጎ ጌምወርክስ ነው። ማይክሮሶፍት ባለቤቱን ዜኒማክስን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ አብሮ ገባ። በ2023 መጀመሪያ ያወጣው ሃይ ፋይ ረሽ ብዙ ሙገሳ አገኘ፤ በግንቦት 2024 ግን ስቱዲዮው እንዲዘጋ ተወሰነ። በነሐሴ የኮሪያው ክራፍተን ስቱዲዮውንም የጌሙንም መብት ወሰደና ሥራው ቀጠለ። ጥሩ ሥራ መሥራት ብቻውን እንደማያድን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው የተሰጠው ከጌሙ ጥራት ውጭ ባለ ስሌት ነው፤ ያ ስሌት ደግሞ ደሴ ቁጭ ብዬ የምደርስበት አይደለም።

ሁለተኛው በካናዳ ሞንትሪያል የነበረው ታይፉን ነው። ጉግል በ2019 መጨረሻ ገዛው፤ ከአንድ ዓመት ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ በየካቲት 2021፣ ጉግል የራሱን የጌም ስቱዲዮዎች ዘጋ። የታይፉን መሥራቾች ራኩን ሎጂክ የሚባል አዲስ ስቱዲዮ ሲከፍቱ የመጀመሪያ ጌማቸውን መብት ይዘው ወጡ። ይህን ሦስቴ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቤቱ ፈርሶ ሥራው ለሠሪው የተመለሰበት ታሪክ ነው፣ ብዙም አይገኝም።

ተቃራኒው ባንጂ ነው። በ2000 ማይክሮሶፍት ገዛው፣ በ2007 ነጻ ወጣ፣ ሄሎ የሚባለው ጌሙ ግን ማይክሮሶፍት ዘንድ ቀረ። ሰዎቹ ወጡ፣ ስሙ ቀረ። በ2022 ሶኒ ይህንኑ ባንጂን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ከገንዘቡ ሲሶ ያህሉ በዋናነት ሠራተኞቹ እንዳይለቁ ማቆያ የተመደበ ነበር። እንዲያም ሆኖ በ2023ም በ2024ም ሠራተኛ ተቀነሰ።

እኛን በቀጥታ የነካው ግን አንኖውን ወርልድስ ነው። ክራፍተን በ2021 በ500 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በውጤት ላይ ተመሥርቶ የሚከፈል እስከ 250 ሚሊዮን ደግሞ ጨመረበት። በሐምሌ 2025 የስቱዲዮው መሪዎች ከቦታቸው ተነሱ፣ በዚያ በቀረው ክፍያ ምክንያትም ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ውጤቱን የሚለካውና ውጤቱ የሚገኝበትን ሥራ የሚያዝዘው አንድ ሰው ከሆነ፣ «ከደረሰ ይከፈላል» የሚለው ገንዘብ ዋጋ ውስጥ አይቆጠርም። የእኛ ደግሞ ይብሳል፤ መለኪያው ፕሌይ ስቶር ነው፣ ተጫዋቻችን ያለው ዜንደር ላይ።

ሁሉም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ደብል ፋይን የሚባለው ስቱዲዮ በ2019 ለማይክሮሶፍት ሲሸጥ ገንዘብ ስላጠረው ሊቆርጣቸው የነበሩ የጌሙን ክፍሎች መልሶ መሥራት ችሏል። ሞጃንግ በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ተሽጦ ጌሙ ማይንክራፍት ዛሬም ድረስ በሕይወት አለ፤ ፈጣሪው ማርከስ ፐርሰን ግን ወዲያው ለቋል። በእኛ አህጉርም መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም፦ ሶኒ በጥር 2024 የደቡብ አፍሪካው የጌም አሳታሚ ካሪ ፈርስት ላይ ገንዘብ አፈሰሰ እንጂ ጠቅልሎ አልገዛውም።

ወደ ባቲ ወርጄ ነገሩን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ሐጂ ዕድሜያቸውን ግመል ሲያሻሽጡ የኖሩ ደላላ ናቸው፤ ኮምፒውተር አይነኩም፣ ጉዳዩን ግን ከጠበቃው ቀድመው ያዙት።

«ምንህን ነው የሚገዛህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም ነው የሚለው፣ ሐጂ።»

«ሁሉንም የሚባል ዕቃ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅ። ግመሏን ነው፣ ጭነቱን ነው፣ ነጂውን ነው? ለየብቻ ጠይቀው፣ ዋጋውንም ለየብቻ ይጥራልህ። አብሽር፣ የምሩን ከሆነ ይመልስልሃል።»

እንደተባልኩት ጻፍኩ። ጌሙ ብቻውን ስንት? ስሙስ? እኛ ሦስታችን የምንቀጠርበትስ ስንት ነው? መልሱ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ነገሩን ሁሉ አጠራው። ለጌሙና ለስሙ የጠሩት ከጠቅላላው ዋጋ አብዛኛውን ነው። እኛ «ለሽግግር ጊዜ» ነበርን። ከዚያ በኋላ ሥዕል ሠሪያችንም ስለ ኪራይ ለመስማት ፈቃደኛ ሆነ።

ከመደራደራችን በፊት ግን የራሳችንን ቤት ማጥራት ነበረብን፤ ብዙውን ጊዜ የወሰደውም ይህ ነው። ማንኛውም ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው መብቱ በሕግ የእናንተ ነው ወይ ብሎ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው የሚሠራው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። እኛ ግን ተቀጣሪና አሠሪ አልነበርንም፤ ሦስት ሸሪኮች ነን። ስለዚህ ኮዱም ሥዕሉም ወደ ማኅበሩ የሚዞርበትን ጽሑፍ ጠበቃ አርቅቆልን ፈረምን።

የማሲንቆው ባለሙያ ወረኢሉ ነበሩ። ወረቀቱን ይዘን ሄድን፣ ምሳ በላን፣ አነበብንላቸው። ጋሼ በገንዘቡ ብዙም አልተከራከሩም። የተከራከሩት በሌላ ነገር ነው፦ «እኔ ማሲንቆዬን የመታሁላችሁ ለጨዋታው ነው። ነገ ነጥለው ለቢራ ማስታወቂያ ቢያደርጉትሳ?» ጠበቃችን ሳቀ፣ ከዚያ ግን ጻፈው። ቀረጻው ከጌሙ ተነጥሎ ለሌላ ሥራ እንዳይውል የሚለው አንቀጽ የሳቸው ነው፤ እኔ ካነበብኳቸው የፈረንጅ ውሎች በአንዱም አላየሁትም። በኩባንያው ረቂቅ ላይ «በጌሙ ውስጥ ያሉ ዜማዎች ሁሉ» የሚል ሐረግ ነበር፤ እሱንም አሳረምነው። የምናከራየው ቀረጻውን ነው። የባቲም የአምባሰልም ቅኝት የሕዝብ ነው፣ እኛ ምን ይዘን ነው የምንሰጠው?

ለድርድሩ ያቀረብነው ሐሳብ አጭር ነበር። ስቱዲዮው አይሸጥም። ከአፍሪካ ውጭ ጌሙን እሱ ብቻ የሚያሳትምበትን መብት ለተወሰነ ዓመት ይውሰድ። ስሙ የእኛ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ ክፍል ከሠራን መጀመሪያ ለእሱ እናሳያለን፣ ካልተስማማን ወደ ሌላ እንሄዳለን። ክፍያው በዳውንሎድ ቁጥር አይታሰር፤ ሲፈረም የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ ይኑር፣ ከዚያ ከገቢው ድርሻ በየሦስት ወሩ ከነሒሳቡ ይላክልን፣ ከፈለግን በባለሙያ እናስመረምር።

በጣም የተሟገትኩበት ስለ መመለስ የሚለው አንቀጽ ነው። ጌሙ ከስቶር ከወረደ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ዝማኔ ካልተሠራለት መብቱ ያለ ክፍያ ወደ እኛ ይመለሳል። መጀመሪያ አልተቀበሉም። ከዚያ «መብቱ ይመለስ፣ እኛ ያስተረጎምነውና የጨመርነው ግን አይመለስም» አሉ። እንዲህ ከሆነ የሚመለሰው ግማሽ ጌም ነው። የታይፉንንና የባንጂን ታሪክ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላቸው፤ የትኛውን እንደምንፈራ እንዲያዩት። መጨረሻ ላይ ትርጉሞቹም አዲሶቹ ሥዕሎችም አብረው እንዲመለሱ ተስማሙ።

ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው በእነሱ አገር ሕግ ይሁን የሚለውን ግን ማስለወጥ አልቻልንም፤ ችሎቱ በቪዲዮ እንዲሆን ብቻ አስጨመርን። ለዚሁ ብለን የዚያን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ በሰዓት ከፍለን ውሉን አስነበብን። ዋጋው አስደንግጦን ነበር፣ ግን አሁንም ቢሆን እከፍላለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በዶላር ተጻፈ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አላብራራም። ባንኩ ውሉንና ንግድ ፈቃዱን አይቶ ነው የተቀበለን፤ ቀደም ብላችሁ ማኅበር ካላቋቋማችሁና ግብር ከፋይ ካልሆናችሁ እዚህ ላይ ትቆማላችሁ።

ያገኘነው ስቱዲዮውን ብንሸጥ ሲፈረም ሊከፈለን ከነበረው እንኳ ያነሰ ነው። ሥዕል ሠሪያችን ይህን አልረሳውም። ልጆች አሉት፤ በዚያ ገንዘብ ሮቢት መንገድ ላይ ቦታ ያይ ነበር። ኪራይ የሚመርጠው ኪራይ መጠበቅ የሚችል ሰው ነው ይለኛል፣ እውነቱን ነው። እኔ የምኖረው በእናቴ ቤት ነው። ድርሻ ስንካፈል የመጀመሪያው ክፍያ ላይ ለእሱ ከፍ እንዲል ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ያላሰብነው መጣ። ጌማችንን የተከራየውን ኩባንያ ራሱን ሌላ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሊገዛው ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ኩባንያው ባለቤት ከቀየረ ውሉ የሚቀጥለው በጽሑፍ ከተስማማን ብቻ ነው የሚል አንቀጽ ስላስገባን ፊርማችን አስፈለጋቸው። ያን አንቀጽ ስናስገባ ጠበቃው ራሱ ጊዜ አታባክኑ ብሎን ነበር። ሁለት ነገር ጠየቅን፦ የገቢ ድርሻችን ከፍ ይበል፣ የመመለሻው ጊዜ አጠር ይበል። ሁለተኛውን ተቀበሉ፣ የመጀመሪያውን አልተቀበሉም። ሐጂ ጋ ደወልኩና ምን ላድርግ አልኳቸው። «አንዱን ሰጥቶህ ከሆነ ፈርም፣ ሌላውን ሁለተኛው ጌም ላይ ትጠይቀዋለህ» አሉኝ። ፈረምን። ሁለተኛው ከሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ጋር የተያያዘ ነው፤ ጀልባው ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።