ዊንዘር፦ ንጉሡ የተበተነውን ሲሰበስብ

በእንግሊዝ ነገሥታት የዊንዘር ቤተ መንግሥት ከሁሉ በላይ ያቆመኝ የፒተር ብሩጌል ሥዕል ነው። በረዶ የለበሰ የፍላንደርስ መንደር፣ ጦር ያነገቡ ፈረሰኞች፣ ቤት ለቤት የሚያስሱ ወታደሮች። ሄሮድስ ሕፃናትን ሲያስፈጅ ነው፤ ሕፃናቱ ግን የሉም። አንዲት እናት ጭኗ ላይ ጥቅል አድርጋ ታነባለች፤ ወታደሮቹ እንስሳ ይወጋሉ። ሥዕሉ በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ እጅ ሳለ፣ የልጆቹ ሬሳ ለዓይን ከብዶ ሳይሆን አይቀርም፣ በላያቸው ላይ እንስሳትና ጓዝ ተሣለባቸው። ጠጋ ብሎ ላየ ግን የእናቶቹ ሐዘን ለዝይ የሚሆን አይደለም።

ሥዕሉን ወደ እንግሊዝ ያመጣው ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ነው። በ1660 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከስደት ሊመለስ ሲል፣ በሆላንዷ ከተማ ብሬዳ ዊልያም ፍሪዜል ከተባለ ነጋዴ 72 ሥዕሎች ገዛ። በብድር ሲኖር የከረመ ሰው ዙፋኑን ሳይጨብጥ ሥዕል መግዛቱ ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ግድግዳው የተራቆተ ቤተ መንግሥት ይዞ ንጉሥ ነኝ ማለት አይመችም።

ያራቆተው ፓርላማው ነበር። አባቱ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 አንገቱ ከተቀላ በኋላ ስብስቡ ለሽያጭ ወጣ፤ ከንጉሡ ገንዘብ የሚፈልጉ ሰዎችም በሥዕል ተከፈላቸው። ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛ የደረሰው የባሳኖ «የጥፋት ውሃ» ነው፤ ዕጣ ቢጣል እንኳን እንዲህ አይገጥምም! ልጁ ሲመለስ የሎርዶች ምክር ቤት ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የንጉሡ ዕቃ በእጁ ያለ ሁሉ እንዲመልስ አዘዘ። አገር ውስጥ ከቀረው ብዙው ተመለሰ፤ ማድሪድና ፓሪስ የገባው እዚያው ቀረ። የዚሁ ግቢ መጻሕፍት ቤት የመቅደላ ብራናዎችን መያዙን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ትእዛዙ እንደገና ቢታወጅ አይከፋውም።

ሆላንዶችም የንጉሡን ልብ ለማግኘት በዚያው ዓመት 28 ሥዕሎችና 12 ቅርጻ ቅርጾች ላኩለት። ከሥዕሎቹ አንዱ ሎሬንሶ ሎቶ የሣለው አንድሬያ ኦዶኒ ነው፤ ቬኒሳዊው ሰብሳቢ በጥንታዊ ሐውልቶች ተከቦ፣ እጁን ዘርግቶ ትንሽ ጣዖት ያሳየናል። ስጦታው ወዳጅነት አልገዛም፤ በ1665 ጦርነት ተነሣ።

ንጉሡ ራሱ ያሠራውን ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቬሪዮ በዊንዘር ከሣላቸው ጣሪያዎች ዛሬ የቀሩት ሦስት ናቸው። በንጉሡ የምግብ ክፍል አማልክቱ ግብር ተቀምጠዋል፤ ዳር ዳሩን ዓሣና ወፍ ተደርድሯል። ለእኔ ጩኸት በዝቶበታል። ከሥሩ ግን የግሪንሊንግ ጊበንስ የእንጨት ፍልፍል አለ፤ ፍሬው ከግድግዳው ተላቆ የወጣ፣ ቅጠሉ ጠርዙ እስኪሳሳ የተቀረጸ። ከቬሪዮ አማልክት ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ወርጄ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። የልዑል ዓለማየሁን የመታሰቢያ ጽሑፍ ፈልጌ ካነበብኩ በኋላ ወደ መዘምራኑ ሥፍራ አለፍኩ። ቀዳማዊ ቻርልስ ከወለሉ ሥር፣ ሄንሪ ስምንተኛ ባረፈበት ክፍል ተቀብሯል። በ1678 ፓርላማው ለመካነ መቃብሩ ማሠሪያ 70,000 ፓውንድ ፈቅዶ፣ አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬንም ንድፉን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። የአባቱን ሥዕሎች ከየቤቱ ያስለቀመው ልጅ ለመቃብሩ ድንጋይ እንኳን አላኖረለትም። አሁን ያለውን ጥቁር እብነ በረድ ያስነጠፈው ዊልያም አራተኛ ነው፤ ያውም በ1837።