ፖስታው የታለ?

በአንድ ቤተ መጻሕፍት የመዛግብት ክፍል ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር የሆነ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሁለት ካርቶን መጣልን። በቅርቡ ያረፉ የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ንብረት ነው። የሰጡን ባለቤታቸው ናቸው። ውስጡ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ያጠራቀመው ነገር ነበር። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የእድር ደረሰኝ፣ የሲኒማ ትኬት ቁራጭ፣ በላስቲክ የታሰረ የባቡር ትኬት፣ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሰጠ የምስክር ወረቀት። ከዚያ ደግሞ ፎቶ። አንዳንዱ በአልበም፣ አብዛኛው በፖስታ።

አራት ቀን ሙሉ ሠራሁ። ምሳ እንኳ በቅጡ አልበላሁም። ፎቶዎቹን ከየፖስታቸው አውጥቼ በመጠን በመጠናቸው ለየኋቸው። ትንንሾቹን ከትንንሾቹ፣ ፖስታ ካርድ የሚያክሉትን ከመሰሎቻቸው ጋር። ወረቀቱን ወደ ሌላ ሣጥን አዛወርኩት። ፖስታዎቹ ግን ያስጠሉ ነበር። ቡናማ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ የተለጠፈባቸው ፕላስተር ቢጫ ሆኖ የደረቀ። አሲድ ያለበት ወረቀት ፎቶ እንደሚያበላሽ ሥልጠና ላይ ሰምቻለሁ። እውነትም ያበላሻል። እኔ ግን ትምህርቱን ግማሹን ብቻ ነበር የያዝኩት። ፖስታዎቹን ሰብስቤ ከቆሻሻ ጋር አወጣኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ሲታይ ያምር ነበር። ኃላፊያችን ሌላ ከተማ ለሥራ ሄደው ስለነበር እስኪመለሱ ጓጓሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤትየዋ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀስ ብለው ገቡ። ልጃቸው ከውጭ አገር ደውላ አንድ ፎቶ ኮፒ አድርገው እንዲልኩላት ጠይቃቸዋለች። «የዘመቻውን ነው የምፈልገው» አሉኝ። ወዲያው አወጣሁላቸው። አሥራ አንድ ወጣቶች ጣሪያው ገና ያልተከደነ ቤት ፊት ቆመዋል። ሁሉም ካኪ ለብሰዋል። አንዱ አካፋ ትከሻው ላይ አድርጓል። በስተቀኝ ጫፍ የቆመው ፊቱን ፀሐይ መትቶት ዓይኑን ጨፍኗል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ጠርዙ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር ይታያል፤ በፎቶው ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ያረጀ ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል።

እሳቸው ግን ፎቶውን ብዙም አላዩትም።

«ፖስታው የታለ ልጄ?»

«የቱ ፖስታ እማማ?»

«ይሄ የነበረበት። ስማቸው እኮ እሱ ላይ ነው።»

ባላቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ፣ በእስክሪብቶ ጽፈውት ነበር። የፎቶው ጀርባ ላይ ምንም የለም። ገልብጬ አሳየኋቸው፤ ባዶ ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ወንበር ስቤ እንዳስቀመጥኳቸው ብቻ ትዝ ይለኛል።

ያን ፖስታ እሳቸው እንዴት እንዳተረፉት የነገሩኝ ያኔ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተዋል። ባላቸው ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው ጋር ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ ጣቢያ ተመደቡ። ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፤ የገበሬ ማኅበር አደራጁ፤ የመሬት አዋጁ ሲወጣ እዚያው ነበሩ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። አሰሳው ቤት ለቤት ሆነ። የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት ቤት ውስጥ መገኘቱ ራሱ ሰው ያስበላ ነበር። ጎረቤት ሁሉ መጽሐፉንና ወረቀቱን ሲያቃጥል፣ እሳቸው ያን ፖስታ በጨርቅ ጠቅልለው የጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበሩት። «እሱ አቃጥይው ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ከነዚህ ልጆች መካከል ሌላ ፎቶ የሌላቸው አሉ» አሉኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ ከእሳት ያመለጠውን ነው እኔ ከቆሻሻ ጋር ያወጣሁት።

እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ሲመለሱ ያለ ምንም መሸፋፈን ተናገርኩ። ጋሼ ሰው ፊት አያዋርዱም። በሩን ዘግተው አስቀመጡኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ። «የምኒልክን ፎቶ ያየ ሰው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል?» አይጠይቅም። ፎቶ አንሺዎቹ ቦያጅያኖች፣ አባትና ሁለት ልጆች፣ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱን ሰው ሁሉ አንስተዋል። የንጉሥ ፎቶ ፖስታው ቢጠፋም ንጉሡ አይጠፋም። «የአስተማሪ ፎቶ ግን ያለ ፖስታው የማንም ሰው ፎቶ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ሥራውን እንደገና አስጀመሩኝ። ቆሻሻው ሄዷል፤ እሱን መመለስ አይቻልም። ግን ፖስታውን ስጥል ውስጡ የነበሩትን የኔጌቲቭ ቁራጮች አስቀርቼ ነበር። ጋሼ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጓቸው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፤ 13፣ 14፣ 15 እያለ ይሄዳል። ፎቶ አንሺው በየትኛው ቅደም ተከተል እንዳነሳ ይናገራል። የኛዎቹ አሥራ አንድ ወጣቶች 14 ላይ ናቸው። 13 ላይ የዚያው ቤት ግድግዳ ጭቃ ሲመረግ ይታያል። 15 ላይ ሦስት ልጆች ብቻቸውን፣ በቅርብ ተነስተዋል። እኔ በመጠን ለይቼ በሦስት የተለያዩ ኤንቨሎፕ የከተትኳቸው ፎቶዎች የአንድ ቀን ታሪክ ነበሩ። ሁሉንም በየኔጌቲቩ መልሼ ለማገጣጠም ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የባቡር ትኬቱና የዘመቻ መታወቂያውም ወደየነበሩበት ፎቶ እንዲመለሱ እማማን እየጠየቅኩ ሠራሁ። የማያስታውሱት ብዙ ነው። እሱ እንደተለያየ ቀረ።

አሁን ካርቶን ሲመጣ መጀመሪያ ምንም አልነካም። እንዳለ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ፖስታው ሳይከፈት፣ ከዚያ ተከፍቶ። የተጻፈውን እገለብጣለሁ። ፖስታው የቱንም ያህል ቢያስጠላ ከፎቶው በአሲድ አልባ ወረቀት ይለያል እንጂ ከፋይሉ አይወጣም። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በእርሳስ እጽፋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም መጀመሪያ የማሳየው የቆሻሻ ቅርጫቱን ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ቅርጫት የሚደፋው ሁለት ሰው ካየው በኋላ ነው።

እማማ ከፎቶው ላይ ባላቸውን ጨምሮ ሰባቱን በስም ነገሩኝ። ከዘመቻው በኋላ ቤታቸው ይመላለሱ የነበሩት ናቸው። ከወር በኋላ ደግሞ ከሰባቱ አንዱን አፈላልገው ይዘውልኝ መጡ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሰው ናቸው። ፎቶውን ሲያዩ ጣታቸውን አካፋ በያዘው ልጅ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ያ ልጅ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ቀስ ብለው ሁለት ስም ጨመሩልኝ። ዘጠኝ ሆነ።

ዓይኑን የጨፈነው ልጅ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ። «ስሙ ጠፋኝ። ማታ ማታ ይዘፍንልን ነበር። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ» አሉ።

መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፤ «11ኛ፣ በስተቀኝ ጫፍ፦ ስሙ አልታወቀም። ማታ ማታ ይዘፍን ነበር።»