22 ቁጥር ማልያ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017። በፈረንጆቹ ጁላይ 29፣ 2025።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ብሎኛል። ሙቀቱ ይሁን፣ የሌሊት ፈረቃው ይሁን፣ እሁድ ከባለቤቴ ጋር ያወራነው ነገር ይሁን እንጃ። ከሥራ ገብቼ ትንሽ ጋደም አልኩና ተነሥቼ ሻንጣ ማሰናዳት ያዝኩ። ያቺ የምታውቋት ጎረቤታችን ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች። ለእህቴ ልጆች ልብስ ትወስድልኛለች። አንድ ሻንጣ፣ 23 ኪሎ፣ ከዚያ በላይ የለም።

ከልጁ ቁምሳጥን የጠበበውን እየለየሁ ሳወጣ ከሥር ቀይ ማልያ ብቅ አለ። ጀርባው ላይ 22 ቁጥር። ሶቶ፣ የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን የናሽናልስ ኮከብ የነበረው። እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

የገዛሁለት በፈረንጆቹ 2019 ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር። ሰፍቶት ቀሚስ መስሎ ነበር። ያ ዓመት እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ነበር። ሰው ሁሉ አበቃለት ብሎ ትቶት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ዋንጫውን በላ። ሂዩስተንን በሰባት ጨዋታ አሸነፈ፤ አራቱንም ድል ያገኘው ደግሞ በሂዩስተን ሜዳ ነው። ዋሽንግተን የቤዝቦል ዋንጫ ስታነሳ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ፓርኪንግ ጋራዡ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ በማግስቱ ሥራ ሲገባ ዓይኑ አብጦ ነበር። እሱ ልጅ ሳለ፣ በ1971፣ የከተማው ቡድን ጓዙን ጠቅልሎ ቴክሳስ ገባ። ከዚያ እስከ 2005 ድረስ ዋሽንግተን የራሷ ቡድን አልነበራትም። ሠላሳ ሦስት የጨዋታ ዘመን ያለ ቡድን ማለት ነው። ቤዝቦልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋራዡ በር ላይ፣ በትንሽ ሬዲዮ፣ በብዙ ትዕግሥት።

ሶቶ ያኔ 21 ዓመት የሞላው በፍጻሜው ጨዋታዎች መሃል ነው። ልጁ እንደ እሱ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ ዱላውን ሲይዝ አያችሁት አይደል?

ከዚያ ቡድኑን ማፍረስ ጀመሩ። በ2021 ሸርዘርንና ተርነርን ለሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ሰጡ። በ2022 ለሶቶ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረቡለት። አልቀበልም አለ። ኦገስት 2 ቀን ለሳንዲያጎ ሰጡት። ገና 23 ዓመቱ ነበር። ዋዜማውን ከልጁ ጋር በቴሌቪዥን አይተናል። ኳሷን የሚወረውርበት ሸርዘር ነበር፣ በኒውዮርኩ ሜትስ ማልያ። ሶቶ ሆም ራን መታበት፣ ኳሷን ከአጥሩ ውጪ አወጣት ማለት ነው። ልጁ ሶፋው ላይ ዘለለ። "አባ፣ አሁንማ አይሰጡትም!" አለኝ። በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቱ ናት ብዬ አነሳሁት። ልጁ ነው። አያወራም። ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል።

እንዲህ አልኩት፦ "በሱ ፋንታ አምስት ልጆች ሰጥተውናል እኮ። ያድጋሉ። ሦስት ዓመት ብቻ ጠብቅ።"

ሦስት ዓመቱ በዚህ ሳምንት ይሞላል።

ልጆቹ እውነትም አደጉ። ኤብራምስ አምና ኦል ስታር፣ የዓመቱ ምርጦች ጨዋታ፣ ገባ። ዘንድሮ ጎርና ዉድ ገቡ። ጄምስ ዉድ እንዲያውም የዚሁ የእኛ አካባቢ ልጅ ነው፤ ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ፣ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ልጅ። ቡድኑ ግን አላደገም። በ2022 107 ጨዋታ ተሸነፈ። በ2023 91። አምናም 91። ዘንድሮም የምድቡ ግርጌ ላይ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ጄኔራል ማናጀሩን ሪዞንና አሰልጣኙን ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበቷቸው። ዋንጫውን ያመጡት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። አሁን የሚወስነው በጊዜያዊነት የተቀመጠው ዴባርቶሎ ነው። ሐሙስ ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ላይ፣ የዝውውሩ በር ይዘጋል።

እግር ኳስ ብቻ ለምታዩ፣ ይሄኛው ለየት ይላል። እዚህ ተጫዋች የሚለወጠው ባብዛኛው በተጫዋች ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው አብዛኛው ተጫዋች የሚጠየቀው ነገር አይደለም። ውሉ ላይ አስቀድሞ ካላስጻፈ ወይም ብዙ ዘመን የቆየ አንጋፋ ካልሆነ በቀር፣ ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ዋንጫ የሚፈልገው ቡድን ዛሬ የሚጠቅመውን ይወስዳል። እንደኛ ያለው፣ እንደገና እየተገነባሁ ነው የሚለው፣ ለነገ የሚሆኑ ልጆች ይቀበላል።

ስለ ወርዋሪዎቹ ስለ ፊኔጋንና ስለ ሶሮካ አልከራከርም። ሁለቱም ውላቸው በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል። ዝም ብሎ ከሚሄዱ የሆነ ነገር ተተክቶ ቢሄዱ ይሻላል። ሮዛሪዮን ቅዳሜ ዕለት ለያንኪስ ሰጥተውታል፤ እሱም የአንድ ዓመት ሰው ነበር። ፊኔጋን ላይ ግን ሆዴ ይባባል። ከ2020 ጀምሮ እዚህ ነው። ባለፈው ኅዳር ውል አንሰጥህም ብለው ለቀቁት፣ በየካቲት ተመልሶ ፈረመ። ጨዋታው ሲጨንቅ መጨረሻ ላይ የሚያስገቡት እሱን ነው። ጆሽ ቤልም አለ። በ2022 ከሶቶ ጋር አብሮ የተሰጠው ሰው፣ ዘንድሮ ተመልሶ መጣ። የተሰጠ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል።

ጎር ግን ሌላ ነው። ወርዋሪውን ማኬንዚ ጎርን እስከ 2027 መጨረሻ ማቆየት ይችላሉ። 26 ዓመቱ ነው። በመክፈቻው ዕለት ፊላደልፊያ ላይ በስድስት ዙር 13 ሰው በስትራይክ አውት፣ ኳሷን ሳያስመታ፣ ሲያስወጣ ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮውን ከፍ አድርገን ሰምተናል። ይሰጥ የሚሉት ሰዎች የሚሉት ይገባኛል። ዋጋው እንደ አሁን ከፍ ላይል ይችላል። የወርዋሪ ክንድ ደግሞ አይታመንም። ለሸርዘርና ለተርነር ከመጡልን ልጆች አንዱ፣ ጎበዙ ግሬይ፣ አምና የክርኑ ጅማት ተቀደደ። ሌላው ወርዋሪያችን ኸርዝም በዚህ ዓመት እንደዚሁ። ጎርን ሰጥተህ አራት አምስት ልጅ ብትቀበል ሁለቱ ቢያድጉልህ አተረፍክ ይላሉ።

እኔ ግን አይዋጥልኝም። ጎር ራሱ እኮ ያ ነገ ነው! ለልጁ ጠብቅ ያልኩት ለእሱ ነው። እሱንም በሌላ ነገ ከለወጡት፣ ያ ነገስ ሲደርስ በምን ይለወጣል? አንድ ቦታ ላይ ቆሞ "በቃ፣ የጠበቅነው ይሄ ነው" ማለት ያስፈልጋል። ልጁ 12 ዓመት ሞላው። በ2028 15 ይሆናል። ያኔ ከእኔ ጋር ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል ያላችሁኝ ማነው?

ከሶቶ በኋላ ስም ያለው ማልያ ግዛልኝ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። የክለቡን ኮፍያ ብቻ ነው የሚያደርገው።

ዊልመር ፍሎሬስን ታስታውሱታላችሁ? የዛሬ አሥር ዓመት፣ ልክ በዛሬዋ ቀን፣ ጁላይ 29፣ 2015። ቬኔዝዌላዊ ነው፤ ሜትስ ያስፈረሙት 16 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። ሌላ ቤት አያውቅም። ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ ለሚልዋኪ ተሰጠ የሚል ወሬ ወጣ። ተመልካቹ ከስልኩ ላይ አንብቦ፣ ዱላውን ይዞ ሲገባ ተነሥቶ አጨበጨበለት፣ የስንብት ነው። የገዛ ቡድኑ ገና ምንም አልነገረውም። ሜዳው መሃል ቆሞ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ተጫወተ። ከዚያ ልውውጡ ፈረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በ12ኛው ዙር፣ የማሸነፊያዋን ሆም ራን መታ። የመታው በእኛው በናሽናልስ ላይ ነው። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር የምመለከተው የመጀመሪያውን ቀን ነው። እጅጌውን።

ከሰውየው በፊት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

እሁድ ከባለቤቴ ጋር ያወራነው ስለ ዳላስ ነው። ዳላስ ያለችው እህቷ ቤት አይታልናለች። እዚህ ለሁለት መኝታ የምንከፍለው እዚያ ጓሮ ያለው ቤት ያስከራያል፣ ቆይቶም ያስገዛል። ለልጆቹ ነገ ነው ትላለች። እውነቷን ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስቀምጠነዋል፣ ሒሳቡ ምንም አይወጣለትም። እዚያም ቤዝቦል አለ። በ1971 ከዚህ የሄደው ያ ቡድን እዚያ ነው ያለው። ለሽማግሌው ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም።

ግን ልጁን አልጠየቅነውም። ከትናንት በስቲያ ማታ በሩን ዘግተን በሹክሹክታ ስናወራ፣ እሱ ሳሎን ሆኖ ጨዋታ እያየ ነበር። የሚጫወትበት ቡድን እዚህ ነው፤ ያ ሰኔ ላይ ሁለተኛ የወጣው ቡድን። ጓደኞቹ እዚህ ናቸው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት ነው የዋለው። የባለቤቴ እህት ደግሞ አፏ አያርፍም፤ ለዘመድ ሁሉ ደውላ "እየመጡ ነው" ማለት ጀምራለች። የአክስቱ ልጆች ስልክ አላቸው። እሱም ስልክ አለው።

አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ወደ ሥራ ልወጣ ነው። ልጁ ከልምምድ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ "አባ፣ ጎርን የሚሰጡት ይመስልሃል?" አለኝ። አይመስለኝም አልኩት። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ማልያው ጭኔ ላይ ነበር፤ አየው፣ ምንም አላለም።

ሐሙስ እስኪያልፍ ልጠብቅ? ወይስ ነገ ጠዋት፣ ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ቁጭ ብዬ ልንገረው?