ምድጃው እንዳይቀዘቅዝ

ቅዳሜ ለት ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ ተነስተን በብሬከን ከተማ በኩል አድርገን ኤፒንት የሚባል ተራራ ወጣን። ተራራ ይሉታል እንጂ ሰፊ ሜዳ ነገር ነው፣ ሳር፣ በግና ንፋስ ብቻ፣ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ወታደሮቹ እየተኮሱ ነው ማለት ስለሆነ ከአስፋልቱ ንቅንቅ የለም። ድሮ ከብት ወደ እንግሊዝ ገበያ የሚነዱ ሰዎች ያርፉበት የነበረ ድሮቨርስ አርምስ የሚባል ቤት አለ፣ ውጪውን አድሰውታል፣ ውስጡ ኦና ነው።

በፈረንጆቹ 1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የብሪታንያ ጦር መድፍ መለማመጃ ፈልጎ እዚህ የነበሩትን 54 የገበሬ ቤቶች አስለቀቀ። 219 ሰው፣ አብዛኛው የዌልስ ቋንቋ፣ ዌልሽ፣ ተናጋሪ። በጎቹ የሚወልዱበት ወቅት ስለነበር ቀኑ ትንሽ ተገፍቶ ጁን ላይ ወጡ። ብዙዎቹ ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው ነበር፣ እስካሁን ግን ቦታው የጦሩ ነው። ጭራሽ በኋላ ለልምምድ ብለው ሰው ኖሮበት የማያውቅ መንደር ሰርተውበታል፣ እዛ ላይ ሳልወድ ሳቄ መጣ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ዮርወርዝ ፒት የሚባል የሙዚየም ሰው ቤቶቹን ሊመዘግብ መጥቶ አንዲት የ82 ዓመት እናት ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ ያገኛል። የተወለዱት እዛው ቤት ነው። ከየት ነው የመጣኸው አሉት። ከካርዲፍ ሲላቸው፣ ቶሎ ብለህ ተመለስ ልጄ፣ እዚህ የዓለም መጨረሻ ነው አሉት። እኔም ከካርዲፍ የመጣሁ ሰው ነኝና ይቺ ነገር ውስጤ ቀረች።

ከሁሉም ያልወጣልኝ ግን የእሳቱ ነገር ነው። አያቴ ማታ ማታ ረመጡን በአመድ ሳታዳፍን አትተኛም ነበር፣ ጠዋት እሳት ልመና ጎረቤት መላክ ለሷ ሞት ነው። ለካ የዌልስ ገበሬዎችም እንዲሁ ያዳፍኑ ነበር፣ እነሱ የሚያነዱት ከረግረግ የሚቆረጥ የደረቀ አፈር ነው። እና አንዱ ገበሬ ከተባረረ በኋላም እየተመላለሰ ባዶው ቤቱ ውስጥ እሳት ያነድ ነበር፣ ቤቱ ከቀዘቀዘ ግድግዳው ይሰነጠቃል ብሎ። አንድ ቀን መኮንኑ፣ ከእንግዲህ አትልፋ፣ ቤቱን አፈንድተነዋል አለው።

መኪና ውስጥ ገብተን ሂተሩን ከፍተን እንኳ እሱን ነበር የማስበው፣ የዛን ቀንም ክብሪቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር ይሆን እያልኩ።